በውርጃ አገልግሎት ፖሊሲ ላይ መሥራት ፈልጋችሁ «ከየት ልጀምር?» ለምትሉኝ

ጥያቄው መልኩን እየቀያየረ ይመጣል። አንዷ ነርስ ናት፣ ሌላው በሕብረተሰብ ጤና ሁለተኛ ዲግሪውን ሊጨርስ ነው፣ ሌላዋ ደግሞ የሕግ ተማሪ ናት። ሁሉም የሚሉት አንድ ነው፦ «በዓለም አቀፍ የሥነ ተዋልዶ ጤና ጥናት፣ በተለይ በውርጃ አገልግሎት ፖሊሲ ላይ መሥራት እፈልጋለሁ። ምን ልማር? የት ላመልክት?»

እኔ የምመልሰው ሁሌም ያው ነው። ከማመልከታችሁ በፊት አንድ ትንሽ፣ ግን ያለቀ ሥራ ሥሩ። ሁለት ገጽ የፖሊሲ ማጠቃለያ፣ ብዙዎቻችን ፖሊሲ ብሪፍ የምንለውን ማለቴ ነው። አንድ አገር፣ አንድ ጥያቄ፣ ለሕዝብ ክፍት የሆኑ ሰነዶች ብቻ። በዚህ ዘርፍ የሚፈለገው ሰው ሕግ አንብቦ የሚረዳ፣ ቁጥር የሚመረምርና ያገኘውን ለወሳኙ ሰው በሚገባው ቋንቋ የሚጽፍ ነው። ሦስቱንም በአንድ ሥራ ማሳየት ይቻላል። ከዚህ በታች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዴት እንደሚሠራ በቅደም ተከተል አስቀምጫለሁ።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- ኢንተርኔት ያለው ኮምፒውተር፣ አንድ የጽሑፍና አንድ የሠንጠረዥ ፕሮግራም። ኤክሴል ይበቃል፣ ነፃ የሆኑትም ይሠራሉ።
- ምንጮችን የምታደራጁበት ፕሮግራም። ዞተሮ ነፃ ነው።
- የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ያወጣው የውርጃ ክብካቤ መመሪያ። በነፃ ይወርዳል። ከ50 በላይ ምክረ ሐሳቦች አሉት፤ ክሊኒካዊውን፣ የአገልግሎት አሰጣጡንና የሕግና ፖሊሲውን ክፍል አንድ ላይ ይዟል።
- በ2017 ሥራ የጀመረው ዓለም አቀፍ የውርጃ ፖሊሲዎች የመረጃ ቋት። የአገሮችን ሕግና መመሪያ ሰብስቦ የያዘ ነው።
- የመረጣችሁት አገር የወንጀል ሕግ፣ የጤና ሕግ፣ የጤና ሚኒስቴሩ መመሪያዎችና የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር።
- የጻፋችሁትን የሚያነቡላችሁ ቢያንስ ሁለት ሰዎች። አንዱ ከጤናው፣ አንዱ ከሕጉ ቢሆኑ ጥሩ ነው።

ማስጠንቀቂያ፣ ከመጀመራችሁ በፊት

የመጀመሪያ ሥራችሁን በቃለ መጠይቅ አትጀምሩ። «ውርጃ የፈጸሙ ሴቶችን አነጋግሬ ታሪካቸውን ልጻፍ» የሚል ሐሳብ ብዙ ጊዜ ይቀርብልኛል፤ ከቅንነት እንደሚመጣም አውቃለሁ። ግን በብዙ አገር ውርጃ በወንጀል ያስጠይቃል። የማያስጠይቅበት አገር ላይም ቢሆን ወሬው ከቤተሰብ ያጣላል፣ ከሥራ ያስወጣል፣ ለጥቃት ያጋልጣል። ያለ ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ፣ ያለ ሥልጠና፣ ያለ መረጃ ጥበቃ ዕቅድ አንዲት ሴት ጋ ሄዶ ይህን መጠየቅ እሷን አደጋ ላይ መጣል ነው። እናንተ ጥናቱን ጨርሳችሁ ትሄዳላችሁ። እሷ ግን እዚያው ናት።

አሁን ወደ አሠራሩ።

1. ርዕስ ሳይሆን ውሳኔ ፈልጉ

«ደህንነቱ ያልተጠበቀ ውርጃ በእገሌ አገር» ርዕስ ነው፤ በዚህ ላይ ማንም ምንም አይወስንም። ውሳኔ ማለት አንድ የታወቀ አካል ሊፈርምበት ወይም ሊሰርዘው የሚችል ነገር ነው። ለምሳሌ፦ «የጤና ሚኒስቴሩ አዋላጅ ነርሶች እስከ 12 ሳምንት ባለው እርግዝና በመድኃኒት የሚደረግ ውርጃ እንዲሰጡ መመሪያውን ያሻሽል ወይስ አያሻሽል?» እዚህ ውስጥ ማን እንደሚወስን፣ ምን እንደሚወስንና የትኛው ሰነድ እንደሚነካ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ጥያቄያችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት። ከዚያ «ይህን ለመቀየር የማን ፊርማ ያስፈልጋል?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። መልሱ «የፓርላማው» ከሆነ ሥራው ሌላ ነው፣ «የአንድ ዳይሬክቶሬት» ከሆነ ደግሞ ሌላ። ይህ እርምጃ የሚያስፈልገው ባለቤት የሌለው ጥያቄ የቱንም ያህል ጥሩ መልስ ቢያገኝ መደርደሪያ ላይ ስለሚቀር ነው።

2. ቁጥር ከመፈለጋችሁ በፊት ቃላቱን አጥሩ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል። የውርጃ ምጣኔና የውርጃ ንጽጽር አንድ አይደሉም። ምጣኔው ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ 1000 ሴቶች መካከል በዓመት ስንት ውርጃ እንደተፈጸመ ይናገራል። ንጽጽሩ በሕይወት ከተወለዱ ልጆች ቁጥር ጋር ያስተያያል። ወሊድ ሲቀንስ ውርጃ ሳይጨምር ንጽጽሩ ሊጨምር ይችላል። ይህን ያልለየ ሰው «ውርጃ ጨመረ» ብሎ ይጽፋል፤ የቀነሰው ግን ወሊድ ነው።

«ደህንነቱ ያልተጠበቀ» የሚለውም እንደዚሁ። በ2017 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ የዓለም ጤና ድርጅትና የጉትማከር ኢንስቲትዩት (የሥነ ተዋልዶ ጤና የምርምር ድርጅት ነው) ጥናት ውርጃን በሦስት ይከፍላል። ዘዴው ድርጅቱ የሚመክረው ሆኖ ሰጪው የሠለጠነ ከሆነ ደህንነቱ የተጠበቀ ነው። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ከተሟላ ደህንነቱ ያነሰ ነው። ሁለቱም ከጎደሉ ከሁሉም የከፋው ነው። ከ2010 እስከ 2014 በነበረው ጊዜ ከዓለም ውርጃ 55 በመቶው በመጀመሪያው፣ 31 በመቶው በሁለተኛው፣ 14 በመቶው በሦስተኛው ምድብ ውስጥ እንደነበር ጥናቱ ገምቷል። ብዙ ጊዜ የምትሰሙት «45 በመቶ» ሁለተኛውና ሦስተኛው ሲደመሩ የሚመጣ ነው። ሠልጥኖ ጊዜው ባለፈበት ዘዴ የሚሠራ ሐኪምም እዚያ ውስጥ ይቆጠራል፣ ባዕድ ነገር የሚጠቀም ያልሠለጠነ ሰውም እንዲሁ። የሁለቱ መፍትሔ ግን አንድ አይደለም፤ የመጀመሪያው ሥልጠናና መሣሪያ ይፈልጋል፣ ሁለተኛው ተደራሽ አገልግሎት ይፈልጋል።

የሳምንት አቆጣጠሩንም አትለፉት። በሕክምናው ዓለም እርግዝና የሚቆጠረው ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ ነው። አንዳንድ ሕጎች ግን ከፅንሰቱ ይቆጥራሉ። ፈረንሳይ ውስጥ በ2022 የተሻሻለው ሕግ 14 ሳምንት ይላል፤ ከመጨረሻው የወር አበባ ሲቆጠር 16 ሳምንት ነው። ሁለት ሳምንት ለጸሐፊ ትንሽ ነው። ደጅ ለቆመች ሴት ግን አገልግሎት በማግኘትና በመመለስ መካከል ያለው ልዩነት ይኸው ነው።

3. የሕጉን ሠንጠረዥ ሥሩ

በኤክሴል ላይ እያንዳንዱን ሰነድ በአንድ ረድፍ አስቀምጡ። ዓምዶቹ እነዚህ ይሁኑ፦ የሰነዱ ስም፣ የወጣበት ዓመት፣ የአንቀጽ ቁጥር፣ የአንቀጹ ቃል በቃል ጽሑፍ፣ ማን መስጠት ይችላል፣ የት፣ እስከ ስንት ሳምንት፣ የማን ፈቃድ ያስፈልጋል፣ አሁን ይሠራል ወይ።

ከላይ ወደ ታች ውረዱ። ሕገ መንግሥት፣ የወንጀል ሕግ፣ የጤና ሕግ፣ ደንብ፣ የሚኒስቴሩ መመሪያ፣ የባለሙያዎች የሥራ ወሰን፣ የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር፣ የመድኃኒት ምዝገባ። የፍርድ ቤት ውሳኔ ካለም አስገቡ። አገሩ የፈረማቸውን ስምምነቶችም ጨምሩ። በአፍሪካ አገር ላይ የምትሠሩ ከሆነ በ2003 የጸደቀውን የማፑቶ ፕሮቶኮል፣ ማለትም የአፍሪካ የሴቶች መብት ስምምነት፣ አንቀጽ 14ን ታያላችሁ፤ ግን አገሩ ማጽደቁን ብቻ ሳይሆን በዚያ አንቀጽ ላይ ተዓቅቦ («ይህ አንቀጽ አይገዛኝም» የሚል መግለጫ) ማስመዝገቡንም አረጋግጡ።

ታች ድረስ የምትወርዱት መሰናክሉ ብዙ ጊዜ እዚያ ስለሚገኝ ነው። አንድ አገር በምሳሌነት እንውሰድ። የወንጀል ሕጉ «የጤና ባለሙያ» ይላል። አዋላጅ ነርስም የጤና ባለሙያ ናት፣ ስለዚህ ችግር ያለ አይመስልም። መመሪያው ላይ ስትደርሱ «በሐኪም ይሰጣል» የሚል አንድ ሐረግ ታገኛላችሁ። በመድኃኒት ለሚደረግ ውርጃ የሚያገለግሉት ሚፌፕሪስቶንና ሚሶፕሮስቶል ናቸው፤ የመድኃኒት ዝርዝሩን ስትከፍቱ ሚሶፕሮስቶል አለ፣ ግን «ከወሊድ በኋላ ለሚከሰት የደም መፍሰስ» ተብሎ ብቻ ነው የገባው፤ ሚፌፕሪስቶን ጭራሽ የለም። እንግዲህ ሐኪም በሌለበት ጤና ጣቢያ፣ ሕጉ እየፈቀደ፣ አገልግሎቱ የለም ማለት ነው። ፓርላማ ሳትረግጡ ሊቀየር የሚችል ነገር አገኛችሁ።

የመረጃ ቋቱን መነሻ አድርጉት እንጂ መድረሻ አታድርጉት። ሁልጊዜ ዋናውን ሰነድ ክፈቱ። ሕግ ይሻሻላል፣ ትርጉም ይሳሳታል። ሰነዱን ያያችሁበትን ቀን በመጨረሻው ዓምድ ላይ ጻፉ።

4. ማስረጃውን ከላይ ወደ ታች ፈልጉ

መጀመሪያ የ2022ቱን መመሪያ ተመልከቱ። ጥያቄያችሁን የሚነካው ምክረ ሐሳብ የትኛው ነው? ከጎኑ ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነና ማስረጃው ምን ያህል አስተማማኝ እንደሆነ ተጽፏል፤ ሁለቱንም ገልብጡ። ለምሳሌያችን፣ መመሪያው ነርሶችና አዋላጆች ከ12 ሳምንት በታች በመድኃኒት የሚደረግ ውርጃ እንዲሰጡ ይመክራል። ከዚያ ወደ ስልታዊ የጥናት ግምገማዎች ውረዱ፣ መጨረሻ ላይ ወደ ነጠላ ጥናቶች። ከታች ከጀመራችሁ ደስ ያላችሁን ጥናት ብቻ መርጣችሁ ትወጣላችሁ፣ አንባቢያችሁም ይህን ያውቃል።

ምን ቃል አስገብታችሁ፣ የት፣ መቼ እንደፈለጋችሁና ስንት ውጤት እንዳገኛችሁ በአንድ ገጽ መዝግቡ። ሌላ ሰው ያንኑ ፍለጋ ደግሞ ያንኑ ማግኘት አለበት።

የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ጉዳይም እዚህ ይነሳል። ሚፌፕሪስቶንና ሚሶፕሮስቶል በጥምር በዓለም ጤና ድርጅት ዝርዝር ውስጥ የገቡት በ2005 ነው፣ ያኔ በተጨማሪው ዝርዝር ውስጥ ነበሩ። በ2019 ወደ ዋናው ዝርዝር ተዛወሩ፣ የቅርብ የሐኪም ክትትል ያስፈልጋል የሚለው ማስታወሻም ተነሳ። የአንዳንድ አገር ሰነድ ግን የድሮውን ማስታወሻ እንደያዘ ሊሆን ይችላል። የአገሩ ዝርዝር መቼ እንደታተመ ስታዩ ከ2019 በፊት ነው ወይስ በኋላ ብላችሁ ጠይቁ፤ ጥሩ የፖሊሲ ክርክር አንዳንዴ ከዚች ትንሽ ቀን ይወጣል።

5. ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ሳታውቁ አትጠቀሙበት

ውርጃን መቁጠር ከባድ ነው፤ ሰው የሚደብቀው ነገር ነውና። በቤት ለቤት ዳሰሳ «ውርጃ ፈጽመሽ ታውቂያለሽ?» ተብላ በቀጥታ ስትጠየቅ ብዙ ሴት እውነቱን አትናገርም፣ አለመናገሯም ይገባል። ስለዚህ ከቀጥታ ጥያቄ የመጣ ቁጥር ብዙ ጊዜ ከእውነተኛው ያንሳል። የሆስፒታል መዝገብም ሌላ ችግር አለበት፦ በራሱ የወረደ ጽንስና ሆን ተብሎ የተቋረጠ ጽንስ አንድ ዓምድ ውስጥ ይገባሉ።

ተመራማሪዎች ለዚህ የተለያዩ ዘዴዎች አሏቸው። በአንዱ መላሿ ስለ ራሷ ሳይሆን ስለ ምስጢረኛ ጓደኛዋ ትጠየቃለች። በሌላው የነገሮች ዝርዝር ተሰጥቷት «ስንቱ ደርሶብሻል?» ተብላ ቁጥሩን ብቻ ትናገራለች፣ የትኛው እንደሆነ አትናገርም። በሰፊው የሚሠራበት ግን የውርጃ ጉዳት ሕክምናን መነሻ የሚያደርገው ስሌት ነው። እንዴት እንደሚሠራ በተፈጠሩ ቁጥሮች ላሳያችሁ፣ ምክንያቱም አንዴ ከገባችሁ ማንኛውንም ሪፖርት በሌላ ዓይን ታነባላችሁ።

በአንድ ዓመት 12,000 ሴቶች በጤና ተቋማት ከውርጃ በኋላ ሕክምና አገኙ እንበል። ከዚህ ውስጥ 4,000 ያህሉ በራሱ የወረደ ነው ተብሎ ይቀነሳል። 8,000 ይቀራል። ከዚያ ጉዳዩን የሚያውቁ ባለሙያዎች ይጠየቃሉ፦ ከተቋም ውጭ ውርጃ ከሚፈጽሙት ውስጥ ስንቷ ለሕክምና ተቋም ትደርሳለች? «ከአራት አንዷ» ካሉ 8,000 በ4 ይባዛል፣ 32,000 ይሆናል። በሕጋዊ መንገድ የተሰጠው 5,000 ተደምሮ 37,000። አሁን ባለሙያዎቹ «ከሦስት አንዷ» ቢሉስ? 29,000። «ከአምስት አንዷ» ቢሉስ? 45,000። ልዩነቱን ያመጣው የባለሙያ ግምት ብቻ ነው። ዘዴው የማይረባ ነው ማለቴ አይደለም፤ ካሉት ውስጥ ብዙ የተሠራበት ነው። ግን በመድኃኒት የሚደረግ ውርጃ ሲስፋፋ ጉዳት ደርሶባት ተቋም የምትመጣ ሴት ቁጥር ይቀንሳል፣ የድሮው ማባዣ ሳይታደስ ከቀጠለ ግምቱ ይሳሳታል። ስለዚህ ሪፖርቱ ማባዣውን መቼና ከማን እንዳገኘ ፈልጉ።

ግምት ሲጠቀስ ክልሉም፣ ማለትም እውነተኛው ቁጥር ሊሆን የሚችልበት ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ያለው ወሰን፣ አብሮ ይጠቀስ። ከ2015 እስከ 2019 በዓለም በየዓመቱ 73.3 ሚሊዮን ውርጃ ይፈጸም እንደነበር ተገምቷል፤ ክልሉ ከ66.7 እስከ 82 ሚሊዮን ነው። ከ1000 ሴቶች 39 ማለት ነው። አንድ አገር ላይ ስትወርዱ ክልሉ ብዙ ጊዜ ይሰፋል፣ መሐል ያለውን ቁጥር ብቻ መጻፍም የማታውቁትን እንደምታውቁ ማስመሰል ይሆናል።

6. ማንም ሰው እንዳይጎዳ ሥራችሁን ፈትሹ

ክፍት መረጃ ብቻ እየተጠቀማችሁም ይህን አትዝለሉ። በአንድ ወረዳ፣ በአንድ ዓመት፣ ከ18 ዓመት በታች የሆኑ 2 ታካሚዎች የሚል ሠንጠረዥ ስም አይጠራም። የወረዳው ሰው ግን ማን እንደሆኑ ያውቃል። ትንንሽ ቁጥሮችን አዋህዱ ወይም አውጡ። አገልግሎት የሚሰጡ ክሊኒኮችን በካርታ ላይ አታስቀምጡ፤ ለጥቃት አድራሻ መስጠት ነው። የስነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳዎች እንኳ የመንደሮቹን የካርታ ነጥብ ሲለቁ ሆን ብለው ያዛንፉታል፣ በከተማ እስከ 2 ኪሎ ሜትር፣ በገጠር እስከ 5 ኪሎ ሜትር፣ ከገጠሮቹ ጥቂቱን እስከ 10።

ወደፊት ከሰው መረጃ ወደ መሰብሰብ ስትሸጋገሩ ደግሞ እነዚህን ከአሁኑ እወቋቸው። የፈቃደኝነት ቅጽ ላይ ማስፈረም የተለመደ ነው፣ ግን በዚህ ጥናት ውስጥ ያ ፊርማ ሴትዮዋን ከውርጃ ጋር የሚያያይዝ ብቸኛ ወረቀት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሥነ ምግባር ኮሚቴውን በቃል ስምምነት እንዲፈቅድ መጠየቅ ይቻላል፣ ብዙ ጊዜም ይገባል። የቀጠሮ ጥሪ ስልኳ ላይ ይቀራል። ድምፅ መቅጃው ቢሰረቅስ? ፋይሉ የሚቀመጠው በየትኛው አገር ባለ ሰርቨር ነው፣ የዚያ አገር ፍርድ ቤትስ አምጡ ሊል ይችላል ወይ? ጠያቂዋ የሰማችውን ለፖሊስ የማሳወቅ ግዴታ የሚጥል ሕግ አለ ወይ? ካለ ከመጠየቅ በፊት ለመላሿ መነገር አለበት። ገንዘቡ ከአንድ አገር፣ ጥናቱ በሌላ አገር ከሆነ በሁለቱም አገር የሥነ ምግባር ፈቃድ ማስፈለጉ የተለመደ ነው። ለዚህ ሁሉ መነሻ የሚሆናችሁ የ2016ቱ ዓለም አቀፍ የሕክምና ሳይንስ ድርጅቶች ምክር ቤት መመሪያና በሰዎች ላይ ስለሚደረግ የሕክምና ጥናት ሥነ ምግባር የሚናገረው፣ በ2024 የተሻሻለው የሄልሲንኪ መግለጫ ናቸው።

7. ለሚያውቅ ሰው አሳዩ

ረቂቁን ከመጻፋችሁ በፊት ሠንጠረዡን ለአንድ አዋላጅ ወይም ሐኪም፣ ለአንድ የሕግ ባለሙያ አሳዩ። «ይህ አንቀጽ በተግባር እንዲህ ነው የሚሠራው?» ብላችሁ ጠይቁ። ስለ ሰነዱ ብቻ ጠይቁ፣ ስለ ታካሚ አትጠይቁ። የታካሚ ታሪክ መናገር ከጀመሩ በትህትና አቁሟቸው፤ ያኔ ያለ ፈቃድ መረጃ መሰብሰብ ጀመራችሁ ማለት ነው። ወረቀት ላይ የሌለውን እንቅፋት የምትሰሙት እዚህ ነው፦ ፊርማ የሚጠይቅ ያልተጻፈ ልማድ፣ መድኃኒቱ በቁልፍ የሚቀመጥበት ካቢኔት፣ ማታ የማይከፈት ክፍል።

8. ሁለት ገጹን ጻፉ

የመጀመሪያው አንቀጽ ውሳኔውን ይናገር። «ሚኒስቴሩ የመመሪያውን አንቀጽ እገሌ አሻሽሎ አዋላጅ ነርሶችን ቢጨምር…» ብላችሁ ጀምሩ። አንባቢያችሁ ስብሰባ ሊገባ ሦስት ደቂቃ የቀረው ሰው ነው፤ መግቢያው ላይ ስለ ሥነ ተዋልዶ ጤና ታሪክ ከተረካችሁለት አጣችሁት።

ቀጥሎ ችግሩ፣ ከሦስት ያልበለጡ ቁጥሮች ጋር። ከዚያ ማስረጃው። ከዚያ አማራጮች፣ ቢያንስ ሦስት፣ አንዱ «እንዳለ ይቀጥል» የሚለው ይሁን፤ ምንም አለማድረግም የራሱ ዋጋ እንዳለው በዚህ ይታያል። ለእያንዳንዱ አማራጭ ማን እንደሚሠራው፣ ምን ያህል ሥልጠናና መድኃኒት እንደሚፈልግ፣ ማን ሊቃወመው እንደሚችል ጻፉ። መጨረሻ ላይ የእናንተ ምክር። አቋም መያዝ ይቻላል፣ ማስረጃውንና አቋሙን ግን አትቀላቅሉ።

ቃላት ላይ ተጠንቀቁ። «ነፍሰ ጡር ሴት» ወይም «ታካሚ» በቂ ነው። የሚያሸማቅቅ ቃልም፣ የሚያጋንን ቃልም አይግባ። ፎቶ ካስፈለገ ሆዷ የገፋ ሴት አትለጥፉ፤ አብዛኛው ውርጃ የሚፈጸመው በእርግዝናው መጀመሪያ ወራት ስለሆነ ሥዕሉ ራሱ ውሸት ይናገራል።

9. መስመር በመስመር አረጋግጡ

ረቂቁን አትሙት። እያንዳንዱን ቁጥር፣ ዓመትና የአንቀጽ ቁጥር አስምሩበት፣ ከዚያ ዋናውን ምንጭ ከፍታችሁ አንድ በአንድ ምልክት አድርጉ። ከሌላ ሰው ጽሑፍ የተወሰደ ጥቅስ ከሆነ እስከ መጀመሪያው ምንጭ ድረስ ሂዱ። በዚህ ርዕስ ላይ አንዲት የተሳሳተች ቁጥር ከተገኘች ተቃዋሚው ቀሪውን ሁሉ ለመጣል ይጠቀምባታል።

ብዙ ጊዜ የሚታዩ ስህተቶች

- ያረጀ ቁጥር። «ከእናቶች ሞት 13 በመቶው ደህንነቱ ካልተጠበቀ ውርጃ ነው» የሚለው የ2008 ግምት ነው። በ2014 የወጣው ትንተና ከ2003 እስከ 2009 ላለው ጊዜ 7.9 በመቶ አለ፣ ክልሉ ከ4.7 እስከ 13.2። ትልቁን ቁጥር መርጦ መጻፍ ጉዳዩን አይጠቅምም።
- ከውርጃ በኋላ የሚሰጥ ሕክምናን ከውርጃ አገልግሎት ጋር መደባለቅ። የመጀመሪያው ውርጃ በተከለከለበት አገርም ሊፈቀድ የሚገባ፣ ብዙ ጊዜም የተፈቀደ ነው።
- «ሕጉ ይፈቅዳል» ብሎ ማቆም። አገልግሎቱ የት እንዳለ ሳያዩ።
- የአንድ አገር ውጤት ለሌላ አገር እንዳለ መገልበጥ። የባለሙያ ብዛት፣ የመድኃኒት አቅርቦትና ፖሊስ የሚሠራበት መንገድ ይለያያሉ።
- የመድኃኒት መጠን በፖሊሲ ጽሑፍ ውስጥ መጻፍ። አንባቢው እንደ ማዘዣ ሊጠቀምበት ይችላል፤ ወደ ክሊኒካዊ መመሪያው ምሩት።

ከዚያ በኋላስ?

ይህን ሁለት ገጽ ከማመልከቻችሁ ጋር አያይዙት፣ ከተጠየቃችሁም ሠንጠረዡንና የፍለጋ መዝገቡን ላኩ። ጥናት ላይ መሥራት ከፈለጋችሁ የዓለም ጤና ድርጅት የሥነ ተዋልዶ ልዩ ፕሮግራምን፣ ጉትማከርን፣ ፖፑሌሽን ካውንስልን፣ ናይሮቢ ያለውን የአፍሪካ የሕዝብና ጤና ምርምር ማዕከል ተመልከቱ። አገልግሎትና ፖሊሲ ላይ ከሆነ አይፓስንና ዓለም አቀፉን የታቀደ ወላጅነት ፌዴሬሽን። ሕግ ላይ ከሆነ የሥነ ተዋልዶ መብቶች ማዕከልን።

ውል ከመፈረማችሁ በፊት የድርጅቱ ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ ጠይቁ። ነውር የለውም፣ ሥራችሁ ነው። በ1973 የወጣው የአሜሪካ የሄልምስ ማሻሻያ የዚያ አገር የውጭ ዕርዳታ ገንዘብ ውርጃን በተመለከተ ለምን ዓይነት ሥራ ሊውል እንደማይችል ይወስናል። በ1984 የተጀመረው የሜክሲኮ ሲቲ ፖሊሲ ደግሞ ከዚያ ያልፋል፦ ዕርዳታውን የሚቀበሉ የሌላ አገር ድርጅቶች በሌላ ገንዘብም ቢሆን ውርጃ እንዳይሰጡና እንዳያስፋፉ ያግዳል። ሥልጣኑ ከአንዱ ፓርቲ ወደ ሌላው ባለፈ ቁጥር ይነሳል፣ ይመለሳል፤ በጥር 2025 በአውሮፓ አቆጣጠር እንደገና ተመልሷል። እናንተ የጻፋችሁትን ምክር ድርጅታችሁ በስሙ ማውጣት ይችል እንደሆነ የሚወስነው ይህ ነው፣ ስለዚህ ቃለ መጠይቁ ላይ ሁለት ነገር በግልጽ ጠይቁ፦ ውርጃን በተመለከተ ምን መናገር ይፈቀዳል፣ ጥናቱ ከተጠናቀቀ በኋላስ የማሳተም መብቱ የማን ነው።

ሁለት ገጹ ላይም ከታች በኩል መረጃው የተረጋገጠበትን ቀን ጻፉ። ከስድስት ወር በኋላ ለሌላ ማመልከቻ ልታወጡት ስትሉ መጀመሪያ የሕጉን ሠንጠረዥ ክፈቱና እያንዳንዱ ረድፍ አሁንም እንደሚሠራ እዩ፣ ቀኑን ያኔ ቀይሩት።